የፓተንት ምርመራ መዘግየትን ማቃለል፦ ለጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችና ለሕግ አርቃቂዎች የተዘጋጀ መመሪያ

አንድ የፓተንት፣ ማለትም በአዲስ ፈጠራ ላይ የሚሰጥ ብቸኛ መብት፣ ማመልከቻ ከገባበት ቀን አንሥቶ የመጨረሻ ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ በብዙ አገሮች ዓመታት ይፈጃል። መርማሪው ማመልከቻውን ለማንበብ፣ ከዚያ በፊት የታወቀውን ዕውቀት ለመፈለግና አስተያየቱን ለመጻፍ በእርግጥ የሚያውለው ጊዜ ግን በሰዓት የሚቆጠር ነው። በአሜሪካ የፓተንት ጽሕፈት ቤት ላይ የተደረገ ጥናት መርማሪዎች ለአንድ ማመልከቻ በአማካይ 19 ሰዓት ያህል እንደሚያውሉ አሳይቷል። ዓመታቱን ከሰዓታቱ ጋር ስናስተያይ ማመልከቻው አብዛኛውን ዕድሜውን የሚፈጀው ተራ በመጠበቅ እንደሆነ እንረዳለን። ይህ መመሪያ የሚነሣውም ከዚሁ ነው፦ መርማሪዎችን በማጣደፍ የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው፤ መዝገቡ ቆሞ የሚጠብቅባቸውን ቦታዎች በመቀነስ የሚተርፈው ግን እጅግ ብዙ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የመዘግየቱ ጉዳት በአመልካቹ ላይ ብቻ አይቆምም። የጥበቃው ዘመን ማመልከቻው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ የሚቆጠር 20 ዓመት በመሆኑ፣ በወረፋ የሚያልፈው እያንዳንዱ ዓመት መብቱ በሥራ ላይ ከሚውልበት ዘመን ላይ ይቀነሳል። በሌላ በኩል ማመልከቻው እንደ ብዙዎቹ ሕጎች በ18ኛው ወር ላይ ለሕዝብ ይታተማል፤ ከዚያ በኋላ ተወዳዳሪዎች ፈጠራው ምን እንደሆነ ያውቃሉ፣ የሚሰጠው መብት እስከ ምን ድረስ እንደሚዘልቅ ግን አያውቁም። በዚህ ጭጋግ ውስጥ ገንዘቡን በአዲስ ምርት ላይ ለማዋል የሚደፍር ነጋዴ ጥቂት ነው። ይህን የሚያውቁ አንዳንድ አመልካቾች ውሳኔው ቢዘገይ ደስ ይላቸዋል፤ ያልተወሰነ ማመልከቻ ለተወዳዳሪ ማስፈራሪያ ሆኖ ያገለግላልና። ስለዚህ በወረፋው ላይ ያለው ሁሉ ፍጥነት ይፈልጋል ብሎ መነሣት ስሕተት ነው፤ ይህ እውነታ ከታች በምናያቸው ምርጫዎች ላይ በተደጋጋሚ ይመለስብናል።

በመጀመሪያ ወረፋውን መለካት

ማሻሻያው ከመነደፉ በፊት አንድ ቀላል ስሌት መሠራት አለበት። የወረፋ ሳይንስ በ1961 በጆን ሊትል በተረጋገጠው ቀመር መሠረት፣ በወረፋ ላይ ያለው የመዝገብ ብዛት በዓመት ለሚሰጠው ውሳኔ ብዛት ሲካፈል አማካዩን የመቆያ ጊዜ ይሰጣል። ለምሳሌ ያህል 12,000 መዝገቦች በእጁ ያሉና በዓመት 4,000 ውሳኔ የሚሰጥ ጽሕፈት ቤት፣ ገቢውና ውሳኔው የተመጣጠነ ከሆነ፣ አመልካቹን ሦስት ዓመት ያስጠብቃል። ገቢው በዓመት 4,500 ከሆነ ደግሞ ውዝፉ በየዓመቱ በ500 ያድጋል፤ የዛሬው አመልካች ከትናንቱ ይልቅ ይዘገይበታል፣ የነገውም ከዛሬው።

ይህ ስሌት ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን ለይቶ ያሳያል። አንደኛው ድሮ የተከማቸ ውዝፍ ነው፤ ዛሬ የሚገባውና የሚወጣው ተመጣጥኖ ሳለ፣ ከዓመታት በፊት የተጠራቀመው ክምር ሁሉንም ያስጠብቃል። ሁለተኛው ዘላቂ የአቅም ጉድለት ነው። ለመጀመሪያው የሚስማማው ጊዜያዊ ዘመቻ ሲሆን ለሁለተኛው የሚያስፈልገው ቋሚ ለውጥ ነው፤ መድኃኒቶቹን ማቀያየር ገንዘብ ያባክናል። ጃፓን ከ2004 ጀምሮ በአምስት ዓመት ውስጥ 500 የሚጠጉ መርማሪዎችን በጊዜያዊ ውል የቀጠረችው ለዚህ ነበር፦ ክምሩ ሲያልቅ የሚያልቅ አቅም ነበር የፈለገችው። የቀዳሚ ዕውቀት ፍለጋውን በከፊል ፈቃድ ላላቸው የውጭ ድርጅቶች ከመስጠቷ ጋር ተዳምሮ፣ እስከ 2013 የመጀመሪያውን የምርመራ አስተያየት በ11 ወር ውስጥ ለመስጠት የያዘችው ግብ ተሳክቶላታል።

አማካይ ቁጥር ብቻውን ያሳስታል። በአንድ የሥራ ክፍል የመካኒክ ማመልከቻዎች በአሥር ወር እያለቁ፣ በሌላው የመድኃኒት ወይም የኮምፒውተር ማመልከቻዎች ሰባት ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ የወረፋው ዕድሜ በቴክኖሎጂ መስክና በሂደት ደረጃ ተለይቶ፣ በተለይም ዕድሜ ጠገብ የሆነው አንድ አሥረኛው ክፍል ለብቻው ተለይቶ መታየት አለበት። ከዚህ ጋር የሚሄድ፣ ወጪው ከጥቂት የሥራ ቀናት የማይበልጥ አንድ መልመጃ አለ። በቅርቡ ውሳኔ ካገኙት መዝገቦች 100 ያህል በዕጣ ይውጡ፤ በእያንዳንዱ ላይ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሠራበት ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው በአንድ መስመር ይጻፍ፤ ከዚያም በሁለት ሥራዎች መካከል ያለው ባዶ ጊዜ ሁሉ በማን እጅ እንደነበር ይመደብ። በጽሕፈት ቤቱ፣ በአመልካቹ ወይስ በሌላ መሥሪያ ቤት? በብራዚል የመድኃኒት ማመልከቻዎች በሙሉ ከፓተንት ጽሕፈት ቤቱ በተጨማሪ በጤና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ስምምነት ማለፍ ነበረባቸው፤ ይህ ግዴታ እስከ 2021 ድረስ ቆይቷል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የሚቆም መዝገብ ካለ የመርማሪዎችን ቁጥር እጥፍ ማድረግ እንኳ ብዙ አይረዳም።

መለኪያው ሲመረጥ ደግሞ መለኪያው ራሱ ሥራውን እንዳያጣምም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው አስተያየት የሚሰጥበት ጊዜ ብቻ ከተለካ፣ መርማሪዎች ቶሎ የሚጻፍ ነገር ግን ፍሬ የሌለው ደብዳቤ መላክ ይለምዳሉ፤ ቁጥሩ ያምራል፣ መዝገቡ ግን በምልልስ ይንከራተታል። ስለዚህ የመጀመሪያው አስተያየት ጊዜ፣ የመጨረሻው ውሳኔ ጊዜና በመካከላቸው የተደረገው የምልልስ ብዛት ሁልጊዜ ጎን ለጎን ይቅረቡ።

ሁለት አሳሳች አቋራጮች

ወረፋው ሲከብድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ ምርመራውን ትቶ ማመልከቻዎቹን መመዝገብ ነው። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። አሜሪካ በ1790 ባወጣችው የመጀመሪያው የፓተንት ሕግ ማመልከቻዎቹን የሚመረምሩት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ፣ የጦር ሚኒስትሩና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ነበሩ፤ ከሦስቱ አንዱ ቶማስ ጀፈርሰን ነበር። የአገር ሥራ የተጫነባቸው ባለሥልጣናት የፈጠራ ሥዕል እየተመለከቱ መዝለቅ እንደማይችሉ ለመረዳት ሦስት ዓመት በቂ ነበር፤ በ1793 ሕጉ ተለውጦ ማመልከቻ ሁሉ ያለ ምርመራ እንዲመዘገብ ተደረገ። ውጤቱ ግን እርስ በርሳቸው የሚጋጩና አዲስነት የሌላቸው ፓተንቶች መብዛት፣ የፍርድ ቤቶችም በክርክር መጨናነቅ ሆነ፤ በ1836 አገሪቱ በሙያው በሠለጠኑ መርማሪዎች ወደሚካሄድ ምርመራ ተመለሰች። ከዘመናችን ምሳሌ ለሚፈልግ፣ በ2001 በአውስትራሊያ አንድ የሕግ ባለሙያ ያለ ሥረ ነገር ምርመራ ይመዘገብ በነበረው የአነስተኛ ፈጠራ ሥርዓት በመንኮራኩር ላይ መብት ማስመዝገብ ችሏል። ሰውዬው ይህን ያደረገው ሥርዓቱ ምን ያህል ክፍተት እንዳለበት ለማሳየት ነበር፤ አገሪቱም በ2021 በዚህ ሥርዓት አዲስ ማመልከቻ መቀበል አቁማለች። ምርመራን መተው መዘግየቱን ከጽሕፈት ቤቱ ወደ ፍርድ ቤት ያዛውረዋል፤ በዚያ ደግሞ ወጪው ይበዛል፣ ከፋዩም ጥፋት የሌለበት ተከሳሽ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው አቋራጭ መዘግየቱን እንዳለ ትቶ የጥበቃ ዘመኑን በማራዘም መካስ ነው። የብራዚል ሕግ ፓተንቱ ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ ቢያንስ አሥር ዓመት ጥበቃ እንዲኖር ይደነግግ ነበር፤ ምርመራው በዘገየ ቁጥር የጥበቃው ማብቂያ ቀን እየራቀ ስለሄደ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 ድንጋጌውን ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ነው ብሎ ሽሮታል። ካሳው የሚከፈለው በሕዝብ ኪስ ነውና። ሆኖም በ1999 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ለማካካሻ ያስቀመጣቸው ገደቦች አንድ ጥቅም እንዳላቸው መካድ አይገባም፦ የመጀመሪያው አስተያየት በ14 ወር፣ ለአመልካች መልስ ምላሽ በአራት ወር፣ ጠቅላላው ሂደት በ36 ወር ካላለቀ የጥበቃው ዘመን ይራዘማል፤ አመልካቹ ራሱ ያዘገየው ጊዜ ግን ይቀነስበታል። እንዲህ ያለ ገደብ ጽሕፈት ቤቱ ራሱን የሚለካበት መስፈሪያ ይሆናል። ገደቡን መውሰድ፣ ማራዘሚያውን ግን በጥርጣሬ ማየት የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመግቢያው ላይ የሚቆጠብ ጊዜ

ጉድለት ያለበት ማመልከቻ ወደ መርማሪው ጠረጴዛ ከደረሰ በኋላ ቢመለስ የሚባክነው የመርማሪው ጊዜ ነው። የሥዕል አለመሟላት፣ የውክልና ሥልጣን ማስረጃ መጉደል፣ የክፍያ አለመፈጸም፣ የመብት ጥያቄዎች በትክክል አለመቆጠር የመሳሰሉት የፎርም ጉድለቶች በኤሌክትሮኒክስ የማመልከቻ ሥርዓት ራሱ ሊያዙ ይገባል፤ ሥርዓቱ ጉድለቱን ለአመልካቹ ወዲያው ያሳውቃል እንጂ ከስድስት ወር በኋላ ደብዳቤ አይጽፍም። ከዚህ የሚከብደው የምደባ ስሕተት ነው። በዓለም አቀፉ የፓተንት አመዳደብ ከ70,000 በላይ ንዑሳን ክፍሎች አሉ፤ ወደማይመለከተው የሥራ ክፍል የሄደ መዝገብ ወራት ቆይቶ ይመለስና ከወረፋው መጨረሻ ሊጀምር ይችላል። ሁለት ደንቦች ይህን ይከላከላሉ፦ የተመደበለት ክፍል መዝገቡን የሚመልሰው በተቀበለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብቻ ይሁን፣ የተዛወረ መዝገብም ተራውን የሚይዘው በመጀመሪያው የማመልከቻ ቀኑ ይሁን።

የማመልከቻው መጠን የሚወሰነውም እዚሁ መግቢያ ላይ ነው። አመልካቹ የሚፈልገውን የጥበቃ ወሰን የሚዘረዝርባቸው የመብት ጥያቄዎች በበዙ መጠን የፍለጋው ሥራ ይበዛል። የአውሮፓ የፓተንት ጽሕፈት ቤት ከ15 በላይ በሆነ በእያንዳንዱ የመብት ጥያቄ ላይ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል፤ አሜሪካ ደግሞ ራሳቸውን ከቻሉት ከሦስት፣ በጠቅላላው ከ20 በላይ በሆኑት ላይ ታስከፍላለች። ክፍያው ሲነደፍ የመግቢያው ዝቅ ብሎ ሸክም የሚጨምረው ክፍል ከፍ ቢል፣ ለግለሰብ ፈልሳፊዎችና ለአነስተኛ ድርጅቶችም ቅናሽ ቢኖር ፍትሐዊ ይሆናል።

ዋጋ ከመተመን ይልቅ መከልከልን የመረጠ ሰው በ2007 በአሜሪካ የሆነውን ያስታውስ። ጽሕፈት ቤቱ ተከታታይ ማመልከቻዎችን፣ የምርመራ ይቀጥልልኝ ጥያቄዎችንና የመብት ጥያቄዎችን ብዛት የሚገድብ ደንብ አወጣ፤ ደንቡ በኅዳር 1 ቀን ሥራ ላይ ሊውል አንድ ቀን ሲቀረው ፍርድ ቤት አገደው፤ ከሁለት ዓመት ክርክር በኋላም ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ሰረዘው። ትምህርቱ ሁለት ነው፦ ማሻሻያው በደንብ ሊደረግ ይችላል ወይስ አዋጅ ይፈልጋል የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያው ሳምንት ይመለስ፤ ደግሞም የሚነካቸው አመልካቾችና ወኪሎች ረቂቁን ሲቃወሙ መስማት፣ በፍርድ ቤት ሲቃወሙ ከመስማት ይረክሳል።

የምርመራ ጥያቄና የጊዜ ገደቡ

ሁሉም ማመልከቻ በራሱ ጊዜ ወደ ምርመራ መግባቱ ግዴታ አይደለም። ኔዘርላንድስ በ1964 አመልካቹ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ጠይቆና ከፍሎ ካልሆነ በቀር ምርመራ እንዳይጀመር ደነገገች፤ ጀርመን በ1968፣ ጃፓንም በ1971 ተከተሏት። ገደቡ በሦስቱም ሰባት ዓመት ነበር። የዚህ ሥርዓት ጥቅም ግልጽ ነው፦ በገበያ ያልተሳካለት ፈጠራ ባለቤቱ ምርመራውን ሳይጠይቅ ይቀራል፣ የመርማሪውም ጊዜ ይተርፋል። ጉዳቱ ደግሞ ከላይ ያነሣነው ጭጋግ መርዘሙ ነው። ስለዚህም አዝማሚያው ገደቡን ማሳጠር ሆኗል፤ ጃፓን ከጥቅምት 2001 ጀምሮ ወደ ሦስት ዓመት፣ ደቡብ ኮሪያ በ2017 ከአምስት ወደ ሦስት ዓመት፣ ሕንድ በ2024 ከ48 ወር ወደ 31 ወር አውርደውታል።

ማሳጠሩ ግን ወጥመድ አለው። በአሮጌው ገደብ የቀረቡትና በአዲሱ ገደብ የቀረቡት ማመልከቻዎች የምርመራ ጥያቄያቸው በተመሳሳይ ዓመታት ውስጥ ይደራረባል። ጃፓን ይህ ገጥሟታል፤ ከላይ የጠቀስናቸውን ጊዜያዊ መርማሪዎች ካስፈለጓት ምክንያቶች አንዱም ይህ ነበር። ስለሆነም ገደቡን የሚያሳጥር ሕግ አርቃቂ በቅድሚያ የሚመጣውን ማዕበል በዓመት በዓመት ይተንብይ፣ አቅሙንም ከማዕበሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ያዘጋጅ፤ አዲስ መርማሪ ራሱን ችሎ እስኪሠራ የሚያስፈልገው ጊዜ ከዚህ አያንስምና። በተጨማሪም ሕጉ ማንኛውም ሦስተኛ ወገን ክፍያውን ፈጽሞ ምርመራ እንዲጀመር መጠየቅ እንዲችል ቢፈቅድ፣ ሆን ብሎ የሚያዘገይን አመልካች የሚያነቃቃ መሣሪያ ይገኛል።

ሌሎች የሠሩትን ሥራ አለመድገም

ለመካከለኛና ለአነስተኛ ጽሕፈት ቤቶች ከሁሉ የሚበልጠው ቁጠባ የሚገኘው እዚህ ነው። አንድ ፈጠራ በብዙ አገሮች ይቀርባል፤ የኢንዱስትሪ ንብረት ጥበቃን በሚመለከተው የፓሪስ ስምምነት የተሰጠው የቅድሚያ መብት፣ ማለትም የመጀመሪያውን የማመልከቻ ቀን ይዞ በሌሎች አገሮች የማመልከት መብት፣ 12 ወር ነው፣ በፓተንት ትብብር ስምምነት በኩል የመጣ ማመልከቻ ደግሞ በየአገሩ ጽሕፈት ቤት ወደሚታይበት ብሔራዊ ደረጃ የሚገባው በመደበኛው በ30ኛው ወር ነው። ይህ ማለት መዝገቡ ወደ አንድ አነስተኛ ጽሕፈት ቤት ሲደርስ ዓለም አቀፉ የፍለጋ ሪፖርትና ከእርሱ ጋር የሚሄደው የጽሑፍ አስተያየት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በፊት ተጠናቆ ይገኛል ማለት ነው። መርማሪው ያንኑ ፍለጋ ከዜሮ ቢጀምር ትጋቱ ይመሰገናል፣ የሚያባክነው ጊዜ ግን የሌላ አመልካች ነው።

በመንግሥታት መካከል ያሉት መንገዶች የታወቁ ናቸው። አሜሪካና ጃፓን በሐምሌ 2006 የጀመሩት የፓተንት ምርመራ ፈጣን መንገድ፣ በአንዱ አገር የመብት ጥያቄዎቹ ተቀባይነት ያገኙለት አመልካች በሌላው አገር ቅድሚያ እንዲያገኝ ያደርጋል፤ የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮችም በ2009 ተመሳሳይ የትብብር ሥርዓት መሥርተዋል። የዓለም አቀፉ የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ደግሞ ጽሕፈት ቤቶች የፍለጋና የምርመራ ሰነዶቻቸውን የሚለዋወጡበት የጋራ መድረክ አለው። እነዚህ ሁሉ ጠቃሚ ቢሆኑም አንድ ድክመት ይጋራሉ፦ የሚሠሩት አመልካቹ ከፈለገ ነው።

ብራዚል በ2019 የሄደችበት መንገድ ይህን ድክመት አስወግዷል። ጽሕፈት ቤቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ውዝፉን በ80 በመቶ ለመቀነስ ባወጣው ዕቅድ፣ በሌላ አገር ፍለጋ ለተደረገባቸው ውዝፍ ማመልከቻዎች የመጀመሪያውን ደብዳቤ እንዲህ አድርጎ ላከ፦ በሌላ ጽሕፈት ቤት የተገኙት ቀዳሚ ሰነዶች እነዚህ ናቸው፤ በ90 ቀን ውስጥ ወይ የመብት ጥያቄዎችዎን ያሻሽሉ ወይ የማይስማሙበትን ምክንያት ያስረዱ፤ ካልመለሱ ማመልከቻው ይዘጋል። አንድ ደብዳቤ ሦስት ሥራ ሠራ። ፍላጎት የሌላቸው አመልካቾች ሳይመልሱ ቀሩና መዝገባቸው ተዘጋ፤ ፍላጎት ያላቸው ጥያቄያቸውን በሌላ አገር ከተፈቀደላቸው ወሰን ጋር አስማምተው መጡ፤ መርማሪውም ሥራውን የጀመረው ከተጣራ መዝገብ ላይ ሆነ።

ይህን ለመጀመር የሚያስፈልገው ሕጋዊ መሠረት በብዙ አገሮች አስቀድሞ አለ። ከንግድ ጋር የተያያዙ የአእምሯዊ ንብረት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 29 ላይ፣ አባል አገሮች አመልካቹ በውጭ አገር ስላቀረባቸው ተመሳሳይ ማመልከቻዎችና ስለተሰጡት መብቶች መረጃ እንዲያቀርብ ሊጠይቁት እንደሚችሉ ይደነግጋል። የሚቀረው ለመርማሪው አንድ ገጽ ቅጽ ማዘጋጀት ነው። በቅጹ ላይ የትኛው የመብት ጥያቄ በውጭ ከተመረመረው ከየትኛው ጋር እንደሚመሳሰል፣ የተጠቀሱት ቀዳሚ ሰነዶች የትኞቹ እንደሆኑ፣ የአገሪቱ ሕግ ከውጭው ሕግ የሚለይበት ነጥብ ምን እንደሆነና ተጨማሪ ፍለጋ ካስፈለገ በየትኛው መስክ እንደሚደረግ ይሞላል። የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ሊዘለሉ አይገባም። በሕክምና ዘዴዎች፣ በኮምፒውተር ፕሮግራሞች፣ በዕፅዋትና በእንስሳት ላይ አገሮች የሚያደርጉት ገደብ ይለያያል፤ የፈጠራ ብቃት መስፈርቱም (ፈጠራው ለመስኩ ባለሙያ በቀላሉ የማይታሰብ መሆኑ) በአንዱ አገር ጠበቅ፣ በሌላው ላላ ያለ ነው። የሌላውን ፍለጋ መጠቀም ብልህነት ሲሆን፣ የሌላውን ውሳኔ እንዳለ ማተም ግን ሥልጣንን አሳልፎ መስጠት ነው።

አንድ ነገር ላክል። በዚህ የተረፈው ጊዜ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ካልተወሰነ ወደየትም ይበተናል። በውጭ አቻ የሌላቸው፣ በአገር ውስጥ ፈልሳፊዎች ብቻ የቀረቡ ማመልከቻዎች ማንም ያልፈለገላቸው ናቸው፤ ሙሉ ፍለጋ የሚሹት እነርሱ በመሆናቸው የተረፈው ሰዓት በቅድሚያ ለእነርሱ ይመደብ።

ምልልስን ማሳጠር

መዝገቡ በመርማሪውና በአመልካቹ መካከል በተመላለሰ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይጠብቃል፤ አንድ ጊዜ በአመልካቹ ዘንድ፣ አንድ ጊዜ በመርማሪው ወረፋ ላይ። መርማሪውም ከወራት በኋላ የረሳውን ማመልከቻ እንደ አዲስ ያነባል። ስለዚህ አንድ ምልልስ መቀነስ በአንድ መዝገብ ላይ ወራትን ይቆጥባል።

የመጀመሪያው እርምጃ ፍለጋውንና የሥረ ነገር ምርመራውን አንድ ሰው እንዲሠራቸው ማድረግ ነው፤ የአውሮፓው ጽሕፈት ቤት ቀድሞ ተለያይተው የነበሩትን ሁለቱን ሥራዎች ያዋሐደው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው፣ የመጀመሪያው ደብዳቤ መርማሪው ያለውን ተቃውሞ ሁሉ፣ የአዲስነቱን፣ የፈጠራ ብቃቱን፣ የግልጽነቱንም በአንድነት እንዲይዝ ማስገደድ ነው፤ አመልካቹ ባላሻሻለው ጥያቄ ላይ በሁለተኛው ደብዳቤ አዲስ ተቃውሞ የሚያነሣ መርማሪ ምክንያቱን ለቡድን መሪው ያስረዳ። ደብዳቤው ምን ቢስተካከል ተቀባይነት ሊያገኝ እንደሚችል ቢጠቁምም መርማሪውን የአመልካቹ ጠበቃ አያደርገውም። ሦስተኛው፣ ከመጀመሪያው መልስ በኋላ የሠላሳ ደቂቃ የስልክ ወይም የቪዲዮ ውይይት ማድረግ ነው፤ በጽሑፍ ሦስት ጊዜ የሚመላለስ አለመግባባት ብዙ ጊዜ አንድ ቃል በሁለት መንገድ ከመረዳት የመነጨ ነው። የውይይቱ ፍሬ ነገር ግን በመዝገቡ ላይ ተጽፎ ለሕዝብ ክፍት ይሁን። አራተኛው ማብቂያ ማበጀት ነው፦ ከሁለተኛው ምልልስ በኋላ መዝገቡ ወይ ይፈቀዳል፣ ወይ ውድቅ ሆኖ ይግባኝ ይባልበታል፣ ወይም በሦስት መርማሪዎች ይታያል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚጠነክረው የመርማሪው ሥራ የሚቆጠርበት መንገድ ነው። በአሜሪካው ጽሕፈት ቤት ለረጅም ዘመን፣ ውድቅ ከሆነ በኋላ እንደገና ይመርመርልኝ ብሎ የተመለሰ ማመልከቻ ለመርማሪው እንደ አዲስ ሥራ ይቆጠርለት ነበር። መርማሪው የሚያውቀውን መዝገብ መልሶ ቢያገኝ ይጠቀማል፣ ወኪሉ ተጨማሪ ሥራ ያገኛል፣ ጽሕፈት ቤቱ ክፍያ ይሰበስባል፤ የማይጠቀመው ከኋላ ተሰልፎ የሚጠብቀው ብቻ ነው። በ2010 የተደረገው ማሻሻያ ለመጀመሪያው አስተያየት የሚሰጠውን ነጥብ ጨምሮ ለተደጋገመው ቀነሰ። ይሁን እንጂ ነጥቡን በማጥበቅ ብቻ ፍጥነት ይገኛል ብሎ ማሰብ አደገኛ ነው። በዚያው ጽሕፈት ቤት መርማሪዎች በማዕረግ ሲያድጉ ለአንድ ማመልከቻ የሚፈቀድላቸው ሰዓት ይቀንሳል፤ ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት ሰዓቱ በቀነሰ መጠን የሚፈቅዱት ማመልከቻ ይጨምራል፣ የሚያደርጉት ፍለጋም ይሳሳል። የጊዜ ጫና መርማሪውን ወደ ቀላሉ ውሳኔ ይገፋዋል፤ ቀላሉ ውሳኔ ደግሞ መፍቀድ ነው፣ የተፈቀደለት አመልካች አይከራከርምና። ስለሆነም ከተፈቀዱትም ከተከለከሉትም መዝገቦች በየወሩ ጥቂቱ በዕጣ ወጥቶ በሌላ መርማሪ ይፈተሽ፤ ግኝቱም ከብዛቱ ቁጥር ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ይውጣ።

ፈጣን መስመሮችና የሕዝብ ተሳትፎ

ፈጣን መስመር ለሚቸኩል አመልካች ጥሩ አገልግሎት ነው። ብሪታንያ በ2009 ለአካባቢ ጥበቃ ቴክኖሎጂዎች ነጻ መስመር ከፈተች፤ አሜሪካ በ2011 ተጨማሪ ክፍያ ለሚፈጽሙ በ12 ወር ውስጥ ውሳኔ ለመስጠት ያለመ መስመር ጀመረች። ነገር ግን ፈጣን መስመር አቅም አይፈጥርም፣ ተራ ይለዋውጣል እንጂ። መስመሮቹ በበዙ ቁጥር ተራውን ጠባቂ ወደ ኋላ ይገፋል፣ በመጨረሻም ሁሉም ፈጣን ሆኖ ማንም የማይፈጥንበት ደረጃ ይደረሳል። ስለዚህ የአሜሪካው መስመር ሲጀመር በዓመት በ10,000 ማመልከቻ እንደተገደበው ሁሉ ጣሪያ ይበጅለት፤ የሚሰበሰበውም ተጨማሪ ክፍያ ለተጨማሪ መርማሪዎች ደመወዝ ይዋል።

የታተመ ማመልከቻ ላይ ማንም ሰው ቀዳሚ ሰነድ የሚያቀርብበት መንገድ መክፈትም ወጪው አነስተኛ ነው። አሜሪካ ይህን በ2007 በኮምፒውተር መስክ ማመልከቻዎች ላይ በሙከራ አይታ፣ ከ2012 ጀምሮ የሦስተኛ ወገን ሰነድ ማቅረቢያን በሕግ አስፍታዋለች። ተወዳዳሪ ድርጅት ከመርማሪው ይበልጥ መስኩን ያውቃል፤ አቅራቢው ሰነዱ ከየትኛው የመብት ጥያቄ ጋር እንደሚገናኝ በአጭሩ እንዲያብራራ ካልተገደደ ግን የሚመጣው ክምር ራሱ አዲስ ውዝፍ ይሆናል።

በኮምፒውተር ስለሚደረግ ፍለጋ፣ ምደባና ትርጉም ብዙ ይነገራል። በተለይ መርማሪው በማያነባቸው ቋንቋዎች የታተሙ ፓተንቶችን በማቅረብ ረገድ ጥቅሙ ትልቅ ነው። የተዝረከረከ ሂደትን በኮምፒውተር ማስኬድ ግን መዝረክረኩን ያፈጥነዋል፤ ስለዚህ ከላይ ያሉት እርምጃዎች ይቅደሙ።

ውዝፉን የማጽዳት ዘመቻ

አሮጌውን ክምር ለማጽዳት አስቀድሞ በሕይወት ያለውን ከሌለው መለየት ያስፈልጋል። ከተወሰነ ዕድሜ በላይ ለሆኑት ማመልከቻዎች ሁሉ፣ አመልካቹ ምርመራው እንዲቀጥል ይፈልግ እንደሆነ የሚጠይቅ አጭር ደብዳቤ ይላክ፤ ሕጉ የሚፈቅድ ከሆነ በተወሰነ ቀን ውስጥ ያልተመለሰው ይዘጋ፣ በይቅርታ የሚከፈትበት አጭር ጊዜም ይተውለት። ለመቀጠል ለማይፈልጉት ከተከፈለው የምርመራ ክፍያ ከፊሉን መመለስ ማበረታቻ ይሆናል፤ ገንዘቡ የሚመለሰው ላልተሠራ ሥራ ስለሆነ ኪሳራ አይባልም።

የቀሩት መዝገቦች በሦስት ይመደቡ። በውጭ ፍለጋ የተደረገባቸው ወደ ብራዚሉ ዓይነት ደብዳቤ ይሄዳሉ። የጥበቃ ዘመናቸው ሊያበቃ ከአምስት ዓመት ያነሰ የቀራቸው በዕድሜ ቅደም ተከተል ለልምድ ባለጸጎች ይሰጣሉ። የአገር ውስጥ ብቻ የሆኑት ሙሉ ምርመራ ይደረግላቸዋል። ዘመቻውን የሚሠራው ቡድን ከዕለት ተዕለቱ ምርመራ የተለየ ይሁን፤ ካልሆነ አዲስ የሚገቡት ችላ ይባሉና ክምሩ በሌላ በኩል ያድጋል። ጀማሪዎችን የሚያሠለጥኑ አንጋፋ መርማሪዎችም የሥልጠናው ሰዓት ከሥራ ኮታቸው ላይ እንዲቀነስ መደረግ አለበት፤ አዲስ መርማሪ በገባ በመጀመሪያው ዓመት የጽሕፈት ቤቱ ውጤት ዝቅ ይላል እንጂ ከፍ አይልም፣ በጀቱን የሚፈቅደው አካልም ይህን አስቀድሞ በጽሑፍ ይወቅ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ከአመልካቾች የሚሰበሰበው ክፍያ ወደ አጠቃላይ ግምጃ ቤት ገብቶ የሚቀር ከሆነ ማመልከቻ በበዛ ቁጥር ሥራው እንጂ አቅሙ አይጨምርም። አሜሪካ ከዓመታት ክርክር በኋላ በ2011 ሕጓ፣ ከተፈቀደው በጀት በላይ የሚሰበሰበው ክፍያ ለጽሕፈት ቤቱ ሥራ ብቻ በሚውል መጠባበቂያ ሂሳብ እንዲቀመጥ አድርጋለች። ክፍያው የሚሰበሰበው ዛሬ፣ ሥራው የሚሠራው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ ለውዝፉ ምርመራ የሚበቃ ገንዘብ በመጠባበቂያው ውስጥ መኖሩ በየዓመቱ ይሰላ።

ዘመቻው ከተጀመረበት ወር አንሥቶ የወረፋው ዕድሜ በየመስኩ ተለይቶ ለሕዝብ ይታተም። አመልካቹ የመዝገቡን ተራና የሚጠበቅበትን ወር ሲያውቅ የክትትል ደብዳቤ መጻፍ ይተዋል፤ ለእነዚያ ደብዳቤዎች መልስ ሲሰጥ የነበረው ሠራተኛም ወደ ፎርም ምርመራው ይዛወራል። ሠንጠረዡ በሦስት ተከታታይ ወራት በአንድ መስክ ላይ የዕድሜ ጠገቦቹ ቁጥር አለመቀነሱን ካሳየ፣ 100 መዝገቦችን በዕጣ የማውጣቱ መልመጃ በዚያ መስክ ብቻ ይደገም።